እንግሊዝኛ መምህር ለመሆን መሠልጠን፦ ከጎጃም ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ከሞጣ ይደወላል፣ ከቡሬ ይደወላል፣ ከዳንግላና ከቢቸና መልእክት ይመጣል። ጥያቄው ግን ያው ነው። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፤ ለልምምድ የሚመጡ አዳዲስ መምህራንንም ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ወረቀቱ ያስቀጥራል። መምህር የሚያደርጋችሁ ግን ተማሪ ፊት ቆማችሁ ስታስተምሩ የሚያይ ሰው መኖሩ፣ ከክፍል ስትወጡም «እዚህ ጋ ጥሩ ነበር፣ እዚህ ጋ ተማሪው ጠፋብህ» ብሎ የሚነግራችሁ መሆኑ ነው። ኮሌጅም፣ ኮርስም፣ ሰርተፍኬትም ስትመርጡ በዚህ መዝኑት።

12ኛ ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛ መምህር ለመሆን በየት በኩል ነው የሚገባው?

ማስተማር የምትፈልጉት ክፍል ይወስነዋል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ከሆነ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። በእኛ አካባቢ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና እንጅባራ አሉ። ትልልቅ ሰዎች እስከ ዛሬ «ቲቲአይ» ነው የሚሏቸው። ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ነው። አንዱ ሠልጣኝ ለትንንሾቹ ክፍሎች ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ይዘጋጃል፤ ሌላው ደግሞ አንድ ትምህርት፣ ለምሳሌ እንግሊዝኛን ይዞ ከፍ ላሉት ክፍሎች ይሠለጥናል። ስትመዘገቡ የትኛው ውስጥ እንደገባችሁ አረጋግጡ። «እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ገብቶ ሌላ ውስጥ ራሱን ያገኘ ልጅ አይቻለሁ።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርባችን ናቸው።

ፒጂዲቲ የሚባለው ምንድን ነው?

የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ነው። እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በዲግሪ የተመረቀ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር አንድ ዓመት ይጨምርበታል። የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቋንቋውም ማስተማሩም አብረው በቢኤድ፣ ማለትም በመምህርነት ዲግሪ፣ ይሰጡ ነበር። እኔ በግሌ ሁለቱ ተለያይተው መሰጠታቸውን አልወደውም። ሰውየው ለዓመታት ስለ ልብ ወለድና ስለ ሥነ ልሳን ሲማር ይቆይና ተማሪ ፊት የሚቆመው በመጨረሻዋ ሰዓት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማስተማር እንደማይወድ ቢያውቅ ምን ያደርጋል? በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ገና ዲግሪ ላይ ሳላችሁ ማስተማር ጀምሩ። ጊቢ አጠገብ ያለ የሰፈር ልጅ አስጠኑ፣ በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ በበጎ ፈቃድ ግቡ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ሌላው ደግሞ የመምህራን ሥልጠና ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የአምናው መስፈርት የዘንድሮው ላይሆን ስለሚችል ከሰው ሰምታችሁ ሳይሆን ከሬጅስትራር ማስታወቂያ አንብባችሁ ተመዝገቡ።

ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አበቃልኝ ማለት ነው?

አላበቃም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። ስለዚህ ብቻህን አይደለህም፤ ሰነፍም አይደለህም። ሪሚዲያል (ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት) የሚደርስህ ከሆነ ግባበት። ካልደረሰህ የመምህራን ኮሌጁን መስፈርት እይ፤ በዲፕሎማ ገብተህ እያስተማርክ ዲግሪህን መያዝ ትችላለህ። ብዙ ጥሩ መምህራን የመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። መምህርነት ሌላው ሁሉ ላልሆነለት ሰው መጠጊያ ተደርጎ መታየቱ። ክፍል ውስጥ የሚጠብቁህ ልጆች የመጨረሻ ምርጫህ መሆናቸውን ቶሎ ነው የሚያውቁት። ልጆችን የማትወድ ከሆነ እባክህ ሌላ ሥራ ፈልግ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። መጀመሪያ ቋንቋውን ልጨርስ ወይስ እንዲሁ ልግባ?

ቋንቋ አይጨረስም። ግባ። ግን «ኮሌጁ ያስተካክልልኛል» ብለህ አትቀመጥ፤ እዚያ ያለው ሰዓት ለኮርሱ እንጂ ለአንተ ምላስ አይበቃም።

ምን ያህል መቻል አለብኝ ለሚለው፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከን ያለው የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ቢያንስ ቢ2 ላይ መድረስ አለብህ ባይ ነኝ። ይህም ማለት ያልተዘጋጀህበትን ጉዳይ ድንገት ቢያነሱብህ ብዙ ሳትደነቃቀፍ ታወራለህ፣ የጋዜጣ ሐተታ አንብበህ ትረዳለህ፣ የራስህን ሐሳብ አንድ ገጽ ሙሉ አስተካክለህ ትጽፋለህ። ችግሩ እዚህ አገር ሰው በንባብ ቢ2 ሆኖ በንግግር ኤ2 ላይ ሊቀር መቻሉ ነው። ለምን? አፉን ስለማይከፍት።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። ጎንጅ በለው ዋሸራ፣ ተማሪው ግሱንና አገባቡን ሸምድዶ ብቻ ቁጭ አይልም። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በየቀኑ የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ የተሳሳተው ይታረማል፣ ነገም እንደገና ሌላ ይዞ ይመጣል። ግሱን ሁሉ እስካውቅ ልጠብቅ አይልም። እንግሊዝኛም እንደዚያ ነው። በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን ሦስት፣ የራስህን አውጣና የሚያርምህ ሰው ጆሮ ላይ ጣለው።

ሰው ከሌለህ ስልክህ አለ። የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አንድ አንቀጽ አንብብ፤ መጽሐፉን ዝጋ፤ ያነበብከውን በራስህ አባባል ስልክህ ላይ ቅዳ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፍተህ ራስህን አድምጥ። መጀመሪያ ድምፅህን መስማት ያሳፍራል። ሳምንት ከቆየህ የት ጋ እንደምትሰናከል ራስህ ታገኘዋለህ።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው የት የት ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የእኛ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነውና። ለንደን ተወልዶ ያደገ መምህር ልጁ ለምን እንደተሳሳተ አይገባውም፤ እኛ ግን የስህተቱን እናት እናውቃታለን።

ከድምፅ እንጀምር። ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ከተደራረበ ምላሳችን «እ» ይጨምርበታል፤ «ስኩል» ማለት አቅቶን «እስኩል» እንላለን። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ሆነው ይወጡብናል፤ የበጉ «ኢ» ረዘም ያለ፣ የመርከቡ አጠር ያለ መሆኑን ጆሯችን አይለየውም። መፍትሔው ሕግ መንገር አይደለም። ሁለቱን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሣሉና ቃሉን ስትጠሩ ልጆቹ በጣታቸው ትክክለኛውን ያመልክቱ። ጆሮ ሳይለይ አፍ አይለይም።

ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ የመጣል ልማድ አለ፤ ትንንሾቹ ላይ ታዩታላችሁ። ለወንዝም ለመኪናም «እሱ» ወይም «እሷ» የማለትም አለ። ደስ የሚለኝ ስህተት ግን የአክብሮቱ ነው። ስለ አባቱ የሚጽፍ የገጠር ልጅ «አባቴ መጡ» የሚለውን በልቡ ይዞ በእንግሊዝኛ አባቱን ብዙ ሰው ያደርጋቸዋል። አንድ ሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲሞላው አይቼ ከክፍል በኋላ አነጋገርኩት። ልጁ አባቱን ማክበሩ እንጂ ቁጥር መሳቱ አይደለም። መጀመሪያ ያን ንገረው፣ ከዚያ እንግሊዝኛ አክብሮትን በሌላ መንገድ እንደሚያሳይ አሳየው። እንደዚያ የታረመ ልጅ ያስታውሰዋል።

አሉታዊ ጥያቄም አለ። «አልበላህም እንዴ?» ሲባል እኛ «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። በእንግሊዝኛው ያ «አዎ» ወደ «አይ» ይገለበጣል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ሳይቀር ይሳሳትበታል፤ ደጋግማችሁ አለማምዱት።

ሥልጠናው ላይ ምን ምን እንማራለን?

በአጭሩ ሦስት ነገር። የቋንቋው ዕውቀት፣ ማለትም ሰዋስው፣ ድምፅ፣ ንባብና ጽሕፈት፤ የማስተማር ዘዴ፣ ማለትም ሌሰን ፕላን ማውጣት፣ ፈተና ማዘጋጀት፣ ክፍል መምራት፤ እና ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዶ ማስተማርን መለማመድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከመጽሐፍም ታገኟቸዋላችሁ። ሦስተኛውን ከየትም አታገኙትም።

ፕራክቲከም ላይ ምን ላድርግ? ጓደኞቼ «ለሪፖርት ነው፣ ቶሎ ያልቃል» ይላሉ።

ጓደኞችህን በዚህ አትስማቸው። ሥልጠናው ማለት ይህ ነው።

የብዙ ሠልጣኝ ልምምድ እንዲህ ያልፋል። የክፍሉ መምህር «እስቲ አንተ ያዝልኝ» ብሎ ጠመኔውን ይሰጥና እስታፍ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ሠልጣኙ ብቻውን ያስተምራል። ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ብቅ ብሎ ፎርም ይሞላል። ልጁ ሰዓቱን ቆጠረ እንጂ ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ይመረቃል።

አንተ እንደዚህ አታድርግ። ገና የመጀመሪያው ቀን ሜንተርህን፣ ማለትም የተመደብክበትን ክፍል መምህር፣ ለብቻው አግኘውና «መምህር፣ እባክዎ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብለው ይዩኝ» ብለህ ለምነው። በአክብሮት ከጠየቅከው አብዛኛው እሺ ይላል። ዝም ብሎ «እንዴት ነበር?» ካልከው ግን «ጥሩ ነው፣ በርታ» ነው የሚልህ። የሚቆጠር ነገር ስጠው። ከ40ው ደቂቃ ስንቱን አንተ እንዳወራህ ይቁጠርልህ። ስንት ተማሪ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ይቁጠርልህ። ከየትኛው ረድፍ እንደጠየቅክ ምልክት ያድርግልህ፤ ሁልጊዜ ከፊት ያሉትንና እጅ የሚያወጡትን ብቻ ስትጠይቅ እንደነበር ታያለህ። ሜንተርህ ካልተመቸው አብሮህ የተመደበው ልጅ ይየው፤ አንተም የእሱን እየው።

አንድ ሌላ ነገር። ሠልጣኝ ሁሉ አስተምሮ ሲጨርስ «ገባችሁ?» ይላል በእንግሊዝኛ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» ይላል። ያ መልስ ምንም አይነግርህም። ልጆቹ ይህን የተማሩት አንደኛ ክፍል ሳሉ ነው። ይልቅ የሚያጋልጥ ጥያቄ ጠይቅ። ያለፈ ጊዜ ካስተማርክ «አበበ ትናንት ገበያ ሄደ፤ አሁን ገበያ ነው ያለው?» በል። ዝምታው ወይም ግራ የተጋባው መልስ እንደገና ማስተማር ያለብህን ቦታ ያሳይሃል።

ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ንግግር ማስተማር እንዴት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ሰባውንም በየተራ እያስነሱ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ለአንድ ልጅ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም የሚበልጥ አይደርሰውም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰባተኛ ክፍል ነው፤ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ልጅ ተቀምጧል፤ ርእሱ ዋጋ መጠየቅ ነው። ሠልጣኟ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፈች፣ ልጆቹ ገለበጡ፣ ደወል ተደወለ። ማታ ተነጋገርንበት። በማግስቱ ሌላ ክፍል ላይ ያንኑ ትምህርት ስትደግም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈች። ሁሉም አብረው አሉት፣ ከዚያ በረድፍ አሉት። ከዚያ «መሃል የተቀመጠው ነጋዴ ነው፣ ግራና ቀኙ ገዢ ናቸው» አለች። ለነጋዴዎቹ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨው ተብሎ ዋጋ የተጻፈበት ከአሮጌ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ደረሳቸው። ዋጋ መከራከር ይፈቀዳል፣ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። ክፍሉ ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነጋዴው ተቀየረ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሁሉም ልጅ ገዝቶም ሸጦም ነበር። ከኋላ ጥግ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ልጅ «ኖ! ቱ ማች!» ብላ ስትከራከር ሰማኋት። ገንዘብ አልወጣም፣ መብራት አላስፈለገም።

ጫጫታው ርእሰ መምህሩን ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። ማስጀመሪያና ማቆሚያ ምልክት አስተምሩ፤ ሁለቴ ማጨብጨብ ይበቃል። ልጆቹ ሲያወሩ እናንተ በአንድ ረድፍ መካከል እየሄዳችሁ አድምጡ እንጂ መሃል ገብታችሁ አታርሙ። የሰማችሁትን ሁለት ሦስት ስህተት ያዙና መጨረሻ ላይ የማንም ስም ሳይጠራ ሰሌዳ ላይ አውጡት። ነገ ሌላ ረድፍ።

አንድ ለአምስቱ ቡድን ላይ ተጠንቀቁ። ጎበዟ ትሠራለች፣ አራቱ ይገለብጣሉ። ቡድን ካስፈለገ ለእያንዳንዱ ልጅ ሌላው የማያውቀውን መረጃ ስጡት፤ ያን ጊዜ ካልተናገረ ሥራው አያልቅም።

ክፍል ውስጥ አማርኛ ብናገር ኃጢአት ነው?

አይደለም። አንድን ቃል ለማስረዳት አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ከመዞር በአማርኛ አንዴ ብሎ ማለፍ ይሻላል። ክፉው ነገር ሙሉውን ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ስለ እንግሊዝኛ ማውራት ነው። «ተቀመጡ፣ ገጽ 24 አውጡ፣ ሰሌዳውን አጥፋልኝ» የመሳሰሉትን ከመጀመሪያው ቀን በእንግሊዝኛ አድርጓቸው፤ በየቀኑ የሚሰሟቸው ስለሆኑ ቶሎ ይለምዷቸዋል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ እንግሊዝኛ የሚሰሙበት ቦታ የላቸውም፤ 9ኛ ሲደርሱ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃቸው።

አዊ ዞን የምትመደቡ ደግሞ ልጆቹ በአዊኛ ጀምረው አማርኛን ጨምረው እንግሊዝኛን የሚማሩ መሆናቸውን አስቡ። በአማርኛ ማስረዳታችሁ ለሁሉም እኩል ላይረዳ ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው የቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ሰርተፍኬት ይጠቅማል?

መንግሥት ትምህርት ቤት ለመቀጠር አይጠቅምም፤ የሚጠየቀው ዲፕሎማው ወይም ዲግሪው ነው። የግል ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ሊረዳ ይችላል። «120 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ፤ አብዛኛው ግን አንብቦ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው፣ ተማሪ የለበትም።

ዓለም ላይ ስም ያለው የካምብሪጅ ሴልታ የሚባለው ነው። እሱም 120 ሰዓት ያህል ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ ውስጥ 6 ሰዓት እውነተኛ ተማሪዎችን እያስተማራችሁ ትገመገማላችሁ፣ ልምድ ያላቸውን መምህራንም ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። በሙሉ ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለእኛ ደመወዝ ከባድ ነው። የሚከፍልላችሁ ድርጅት ካልተገኘ ለእሱ ብላችሁ አትበደሩ። ቲኬቲ የሚባል ፈተናም አለ፤ ማስተማርን ሳይሆን ስለ ማስተማር ያላችሁን ዕውቀት ነው የሚለካው።

በነፃ ለመማር ከፈለጋችሁ የብሪቲሽ ካውንስል ሁለት ድረ ገጾች አሉ፤ አንዱ ለቋንቋ ተማሪ፣ ሌላው ለእንግሊዝኛ መምህራን ነው። ለመምህራን ከተዘጋጀው ላይ ሌሰን ፕላን ሁሉ ታገኛላችሁ።

አይልትስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና መፈተን አለብኝ?

አገር ውስጥ ለማስተማር አይጠየቅም። ለውጭ ስኮላርሺፕ ካልሆነ አትቸኩል፤ ውጤቱ ተቀባይነት የሚኖረው ለሁለት ዓመት ነው፣ ብሩም ቀላል አይደለም።

በዚህ ሙያ ውጭ አገር ሄጄ መሥራት እችላለሁ?

እውነቱን ልንገርህ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብዙ በር ይዘጋብሃል። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህር የምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ግን ያለው እሱ ነው። ስለዚህ «ቴፍል ይዘህ እስያ እንልክሃለን» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ደላላ ካለ ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። የተሻለው መንገድ እዚህ አስተምሮ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ፣ በስኮላርሺፕ መወዳደር ነው።

ደመወዙስ? ያኖራል?

ብቻውን ለቤተሰብ አይበቃም። ይህን ደብቆ ወደ ሙያው የሚጋብዝ ሰው አልሆንም። የቤት ኪራይ፣ ጤፍና ትራንስፖርት ከተቀነሱ በኋላ የሚተርፍ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተማ ላይ ደግሞ ይብሳል። የደረጃ ዕድገት አለ፤ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ ይሄዳል፤ በአገልግሎት ዓመትና በሥራ አፈጻጸም ነው። ማስረጃችሁን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ በፋይል ያዙ። እንግሊዝኛ መምህር ከሌላው የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር የማስጠናት ሥራ መኖሩ ነው፤ የግል ትምህርት ቤቶችም በተለይ ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ይፈልጉታል። ግን የራሳችሁን ተማሪ ለገንዘብ አታስጠኑ፤ ክፍል ውስጥ ያጎደላችሁበትን ማታ የሸጣችሁለት እንዲመስለው አታድርጉ።

ሴት ነኝ። ገጠር ቢመድቡኝ እንዴት እሆናለሁ?

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ከመሄድሽ በፊት እዚያ ከምታስተምር ሴት መምህርት ጋር በስልክ አውሪ፤ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ይልቅ እሷ ታውቃለች። የምትጠይቂው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውኃ፣ ከመኪና መንገድ ምን ያህል እንደሚያስገባ ነው። ብቻሽን ቤት ከመያዝ ከሌላ መምህርት ጋር ተጋሪ። ለገጠር ሴት ልጆች ደግሞ አንቺን ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ሴት መምህርት ባለችበት ክፍል ሴቶቹ እጅ ሲያወጡ አይቻለሁ።

መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በምን ልማር?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ለወራት የሞባይል ዳታ ያልነበረበትም ጊዜ አልፏል። ሥልጠናው የተቋረጠባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የባከነው ጊዜም ያሳዝነኛል። ኔትወርክ ባገኛችሁ ጊዜ የሚደመጥ ነገር በብዛት አውርዱና በሜሞሪ ካርድ ያዙ፣ ለጓደኛም አስተላልፉ። የመማሪያ መጽሐፎቹን ከመምህሩ መምሪያ ጋር በፒዲኤፍ አስቀምጡ። የሰፈር ልጆች ቤት ከዋሉ አምስት ስድስቱን ሰብስቦ ማስተማር ለእነሱም ለእናንተም ልምምድ ነው። ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ፣ ቦታውና ሰዓቱ የማያሰጋ ይሁን።

በዲፕሎማ እያስተማርኩ ነው። ዕድሜዬም ሄዷል። ዲግሪ ልቀጥል?

ቀጥል። የክረምት ትምህርት የተሠራው ለአንተ ነው፤ የቅዳሜና እሑድና የማታም አለ። ባህር ዳር ፔዳ ጊቢ ከ1960ዎቹ ጀምሮ መምህራን ሲያሠለጥን የኖረ ነው፤ ስሙም የመጣው ከፔዳጎጂ ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል። አንተ ከወጣቶቹ የምትበልጥበት ነገር አለህ፤ ንድፈ ሐሳቡን ስትሰማ የምታስበው የምታውቃቸውን ልጆች ነው። የመመረቂያ ጽሑፍህንም ከራስህ ክፍል አውጣ። ርቆ ካለ መጽሐፍ ከተገለበጠ ርእስ ይልቅ «የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ለምን ጮክ ብለው አያነቡም» የሚለው ይጠቅማል።

የቅጥር ፈተና ላይ ምን ይጠብቀኛል?

የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ ዴሞ ያሠሩሃል፤ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ አስተምር ይሉሃል። ተፈታኙ ሁሉ ሰዋስው ይመርጥና ሰሌዳ ይሞላል። አንተ ትንሽ ርእስ ያዝ፤ አምስት ቃል ወይም አንድ አጭር ጥያቄና መልስ ይሁን። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ተማሪ ሆነው ከተቀመጡ ጥንድ ጥንድ አድርገህ አናግራቸው። ዕቅድህን በወረቀት ይዘህ ግባ፣ ኮፒውንም ስጣቸው። ማቆሚያ ሰዓት ሲደርስ ባይጨረስም አቁም።

መንግሥት ከሆነ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አሟላ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲፕሎማ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የኮሌጅ ውጤት ዝርዝር)፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የቀበሌ መታወቂያ፤ የሥራ ልምድ ካለህ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ይዘህ ሂድ። ስምህ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ከቤት ሳትወጣ አረጋግጥ፤ የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ተለይታ ለሁለት ሳምንት የተመላለሱ አሉ።